አንገቴ ላይ ያሰርኩት ጠርሙስ

አንባቢዎቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያኔ ተጠራጣሪ ነበርኩ። ተራ ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤት እንቁላል ስታበድረኝ «ትልቁን ለምን መረጠችልኝ?» የምል፣ መንገድ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ዞሬ እያየሁ «ምን ፈልጎ ነው?» የምል ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ጌታቸው «አንቺ እኮ ጥላሽ ሲከተልሽ ማን ላከህ ትይዋለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የምንኖረው ሸዋሮቢት ነው። ጌታቸው ሽንኩርት ያለማል፤ እኔ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ሁለት ዓመት ያለፈው አቤል የሚባል ወንድ ልጅ ነበረን። ሚሊኒየሙን ባከበርን በሁለተኛው ዓመት ካራቆሬ ያገባችው ታናሽ እህቴ የሺ ሴት ልጅ ወለደች። ደስታውን ሳንሰማ መርዶው መጣ። በወለደች በሰዓታት ውስጥ ደም ፈሷት ሞተች።

ለቅሶ ስደርስ ሕፃኗ የሰው ሁሉ ጭንቀት ሆና አገኘኋት። በማንኪያ የሰጧትን ትተፋለች፤ ጡጦ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች። አቤልን ይዤ ነበር የሄድኩት። እሱ ጡት የሚፈልገው እንቅልፍ ሲመጣበት ብቻ ስለነበር ወተቴ ለስሙ ያህል ነው የቀረው። ቢሆንም አቅፌ ጡቴን ሰጠኋት። ያዘችው፤ ትንሽ ሳበች፤ የሚወርድ ነገር ስታጣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስወስዳት አንዲት ወጣት ነርስ አንድ ዘዴ አሳየችኝ። ከሹራብ ክር የማይወፍር የላስቲክ ቱቦ አመጣች። አንዱን ጫፍ የዱቄት ወተት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተተች፣ ሌላውን ጫፍ በፕላስተር ከጡቴ ጫፍ ጋር አጣበቀች። ሕፃኗ ጡቴን ስትስብ ወተቱ በቱቦው ይመጣላታል፤ እሷ ከእኔ የመጣ ይመስላታል።

«በጠባችሽ ቁጥር የራስሽም ወተት ይመለሳል» አለችኝ ነርሷ። «ወር ቢቆይ ነው። ከዚያ ቱቦውን ትጥይዋለሽ። ዝም ብለሽ ስትውጥ እያት።»

እኔ በሆዴ «ለማጽናናት ነው» አልኩ። ነርሷንም ጠረጠርኳት ማለት ነው።

ለቅሶ ቤት ስመለስ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ በሹክሹክታ «እናቷን የበላች» ስትል ሰማሁ። ይህች ገና ዓይኗን በደንብ ያልገለጠች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስም ተሸክማ ልትኖር ነው? ያን ቀን ወሰንኩ። የእህቴ ባል ልጅቷን ላሳድጋት ስለው እንባውን ጠርጎ እሺ ብሎኛል፤ ስለዚህ ሸዋሮቢት ወስጃት የወለድኳት እኔ ነኝ እላለሁ። ጎረቤት ቢያውቅም መንገደኛው፣ ገበያተኛው፣ የማያውቀን ሰው ሁሉ የእኔ ናት ብሎ ይመን።

ታዲያ የወለደች ሴት በቱቦ አታጠባም። ቱቦውን መደበቅ ነበረብኝ። ለዚህ ደግሞ ሙያ አላነሰኝም። የሽሮፕ ጠርሙስ አፈላሁ፤ ወተቱ እንዳይታይ ብዬ ቡናማውን መረጥኩ። ክዳኑን በስቼ ቱቦውን አሾለክሁ፤ አንገቱን በክር አስሬ ቀሚሴ ውስጥ፣ ከጡቴ በላይ አንጠለጠልኩት። ከላይ ነጠላ ስደርብበት ማንም አያውቅም። ልጅቷን ግን ስትጠባ አላያትም ነበር። ተከናንቤ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ዓይኔ የሚጠብቀው የሚመጣውን ሰው ነበር።

የየሺ አርባዋ ወጣ። ጌታቸው ለተዝካሩ መጥቶ ስለነበር አቤልን ይዞት ቀድሞኝ ተመለሰ፤ ሽንኩርቱ ደርሶበታል። እኔ ሕፃኗ በርታ እንድትል ጥቂት ቀን ቆይቼ በአርባ ስድስተኛ ቀኗ አባቷ አባዱላ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝ። የልጅቷን ፊት ሳያይ ነው የዞረው፤ አልቻለም።

አጠገቤ የተቀመጡት በሻሽ ጥምጥም ያሉ፣ የበርበሬ ማዳበሪያ እግራቸው ሥር ያደረጉ አሮጊት ነበሩ። እትዬ ዘሃራ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። ትውልዳቸው አሊዩ አምባ፣ ኑሯቸው ሸዋሮቢት ዳር፤ ካራቆሬ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው። ገና ከመቀመጣቸው ዓይናቸው ከሕፃኗ ላይ አልነሳ አለ። እኔም ወዲያው «ቡዳ ናቸው» ብዬ ደመደምኩ። ነጠላዬን በልጅቷ ፊት ላይ ሳብኩ። ስስብ ጊዜ እሳቸው ይበልጥ አዩኝ።

«ማሻአላህ፣ ልጅሽ ናት?»

«አዎ።»

«የወለድሻት?»

«ታዲያ ገዝቼያት ነው?»

«አትቆጪ ልጄ። አራስ ሆነሽ በዚህ ሐሩር መውጣትሽ ገርሞኝ ነው። ጥቁርስ ለማን ነው የለበስሽው?»

«ለእህቴ።»

«ነፍስ ይማር። ሕፃኗ ስንት ቀን ሆናት?»

«አርባ ስድስት።»

«ክርስትና ተነሳች?»

«አዎ፣ በአርባዋ።»

ማዳበሪያቸውን ወደ እግራቸው ሳብ አደረጉ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የሠራሁትን ጥፋት አላወቅሁም። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ የሺ አርባ ሲወራ ከርሞ አፌ ላይ የነበረው ቁጥር እሱ ብቻ ነበር። እኔ ክርስቲያኗ የሳትኩትን እሳቸው ሙስሊሟ አልሳቱትም፤ ዕድሜ ልካቸውን የክርስቲያን ጎረቤት ክርስትና ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። የገዛ ልጇን ክርስትና ቀን የማታውቅ እናት ደግሞ የት አለች?

ጀውሃ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫውን ቢያወርደው እሱም ሞቷል። በእግራችን እያረፍን ጀውሃ ደረስን፤ ረዳቱ ጎማውን ወደ ጎሚስታ ሲያንከባልል እኛ መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተበተንን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ተኮልኩለው ይበላሉ። ሕፃኗ ነቅታ አፏን ታዞር ጀመር፤ ርቧታል።

በረንዳው ላይ አንዲት ሌላ ተሳፋሪ ጡቷን አውጥታ ልጇን እያጠባች ሻይዋን ትጠጣለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። በአገራችን የምታጠባ ሴት ማን ያያል? እኔ ግን ከሁሉ ርቄ፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ከአናቴ ጀምሬ ተከናነብኩ። ፕላስተሩን ላጥኩ፤ ቱቦውን አጣበቅሁ፤ ልጅቷን አስጠጋኋት። ያዘችው።

ከኋላዬ የውሃ ኮለል ማለት ሰማሁ። ሰው እጁን እየታጠበ ነው ብዬ አልዞርኩም። ውሃው ቆመ፤ ኮቴው ግን አልሄደም። ድንገት ነጠላዬ ከትከሻዬ ላይ ተገፈፈ።

«አንቺ ሴት፣ ለልጅቷ ምን እየሰጠሻት ነው?»

እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሕፃኗ ጡቴን ለቀቀች፤ ቱቦው ተንጠልጥሎ አንዲት ጠብታ ወተት ጉንጯ ላይ ጣለ።

«ጡቴን ነው! ምን ቤት ነዎት?»

«ጡት በመድኃኒት ጠርሙስ ይመጣል እንዴ?»

ጮሁ። ጩኸታቸው የበሉትን ሁሉ ከወንበር አስነሳ። «ልጅ ሌባ ናት! ማስተኛ እያጠጣቻት ነው! ክርስትናዋን እንኳ አታውቅም፤ ሴት ልጅ በአርባዋ ተነሳች ትለኛለች!» ከመቅጽበት ተከበብኩ። አንዱ «እንዲህ አስተኝተው አዲስ አበባ ለለማኝ ያከራዩአቸዋል» አለ። ሌላው «መኪና ላይ ስታለቅስ አልሰማናትም እኮ፤ ልብ በሉ» አለ። የምግብ ቤቱ ባለቤት በሩን ይዛ ቆመች። እትዬ ዘሃራ ልጅቷን ከእጄ ላይ ነጠቁኝ፤ ጠርሙሱን ከነክሩ ከአንገቴ አወለቁት።

ያን ጊዜ የመጣብኝ ፍርሃት ስለ ራሴ አልነበረም። ልጅቷን ወስደውብኝ ቢሄዱስ? ያለ ቱቦው ምንም አትጠባም፤ ቱቦውን ደግሞ መርዝ ነው ብለዋል። እኔ እውነቱን እስካስረዳ ልጅቷ በረሃብ ታልቅብኛለች።

ሚሊሻ ተጠራ። ክላሹን በትከሻው ያነገተ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ስምሽ ማነው?» አለኝ።

«በላይነሽ።»

«የልጅቷ ወረቀት አለሽ?»

የጤና ጣቢያውን የክትትል ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ በኩራት ሰጠሁት። አየው፤ መልሶ አየው። «እዚህ የእናት ስም የሺ ነው የሚለው።»

ሕዝቡ «ይኸው!» አለ በአንድ አፍ። እውነቱን ማፍሰስ ጀመርኩ፤ የሺ መሞቷን፣ ነርሷን፣ ቱቦውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ሁሉ ቅጥፈት በኋላ ግን ዘግይቼ ነበር።

«ቅድም ለእኚህ እናት ወለድኳት ብለሻል» አለ ሚሊሻው። «አሁን የእህቴ ናት አልሽ። ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ የማን ልትያት ነው?»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሞባይል ነበራት። ካርዱ ላይ ባለው የጤና ጣቢያው ቁጥር ተደወለ፤ መስመር የለም። ደግመው ደወሉ፤ የለም። የእህቴ ባል ስልክ የለውም። ሚሊሻው አሰበና አጣዬ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚወስደኝ፣ ልጅቷ ነገሩ እስኪጣራ እትዬ ዘሃራ ጋ እንደምትቆይ ተናገረ። መኪና መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረው።

ሕፃኗ ታለቅሳለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት የልጅ ልጇን ጡጦ ሞልታ አመጣች፤ በምላሷ ገፋችው። በማንኪያ ሞከሩ፤ ተፋችው። ያቺ በረንዳ ላይ ስታጠባ የነበረችው ተሳፋሪ አዝና ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ እትዬ ዘሃራ «ቆዪ፤ ምን እንዳጠጣቻት ሳናውቅ» ብለው ከለከሏት። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ለቅሶው መጀመሪያ ቁጣ ነበር፤ ከዚያ ልመና ሆነ፤ ከዚያ ድምጿ ሰለለ። የሰለለው ድምፅ ነው ያሳበደኝ። ሚሊሻው እግር ላይ ወደቅሁ። «እሰሩኝ፤ ግን መጀመሪያ ትጥባ!»

እትዬ ዘሃራ ልጅቷን እንዳቀፉ ያዩኝ ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ። ጠብታ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ላሱት። አፋቸው ውስጥ አቆይተው እንደ በርበሬ ነጋዴ ቀመሱት።

«ወተት ነው» አሉ ቀስ ብለው። አሁንም ግን አልሰጡኝም። መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ለምን ዋሸሽኝ? የእህቴ ልጅ ናት ብትይኝ ምን ነበረበት?»

«እናቷን የበላች እንዳይሏት ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አስተግፊሩላህ» አሉ። ልጅቷን እቅፌ ውስጥ አስቀመጡ፤ እጃቸውን ግን ከጀርባዋ ላይ አላነሱም። «በይ አሳዪኝ። እንዴት እንደምታጠቢያት። ሳትከናነቢ።»

ሾፌሮቹ፣ ተሳፋሪው፣ ሚሊሻው ሁሉ ቆመዋል። ጡቴን ማሳየት አላሳፈረኝም፤ እሱ ለማንም ብርቅ አይደለም። ያሳፈረኝ ቱቦው ነበር። ወተት አልባነቴን ሰው ፊት በፕላስተር እንደ መለጠፍ ሆነብኝ። ሕፃኗ ግን ጡቴ አጠገብ ስትደርስ አፏን ከፈተች። ነጠላዬን ጣልኩት። ቱቦውን አጣበቅሁ። እትዬ ዘሃራ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው ያዙልኝ።

ሳበች።

ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ነበር የቀረው፤ ስንታገል ፈስሷል። እትዬ ዘሃራ አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ የሕፃኗን ጉሮሮ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሱት። ነቀነቁት።

«ይሄ እኮ አልቋል።»

«አልቋል? ወይኔ፣ አልጠገበችም!» አልኩ።

«ቆይ... አትንቀሳቀሺ።» በጣታቸው ጫፍ ቱቦውን ከሕፃኗ ከንፈር ላይ ቀስ አድርገው ሳቡት። ባዶ ነበር፤ አየር ብቻ። ሕፃኗ አልለቀቀችም። ትስባለች፤ ትውጣለች። ትስባለች፤ ትውጣለች። በአፏ ጥግ ነጭ ነገር ወረደ።

«ያ ረቢ! ይሄ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ሌላኛውን ጡቴን በመዳፋቸው ነኩ። ጥቁሩ ቀሚሴ ርሷል። እኔ በዚያ ሐሩር ላብ መስሎኝ ነበር። «የራስሽ ነው እኮ፤ ወላሂ የራስሽ ነው! አልሃምዱሊላህ!»

ማመን አቃተኝ። ነርሷ ያለችው ደርሶ ኖሯል፤ ምናልባት ከሳምንት በፊት፣ ምናልባት ከዚያም በፊት። ተከናንቤ ሰው ስጠብቅ አላየሁትም። ከሁሉም ደብቄ ከራሴም ደብቄዋለሁ። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ የሺ ከሞተች ወዲህ እንዲያ አላለቀስኩም።

«ስንት ቀን አጠባሻት?» አሉኝ እትዬ ዘሃራ።

«ከተወለደች በሁለተኛው ቀን ጀምሮ።»

ወደ ሰዉ ዞሩ። «በእኛ ሃይማኖት አንዲት ሴት አምስት ጊዜ አጥግባ ያጠባችው ልጅ ልጇ ነው። ያጠባቻት ልጅ የእሷን ወንድ ልጅ ማግባት እንኳ ሐራም ነው፤ ወንድሟ ስለሆነ። ይህቺማ ስንት አምስት አልፏት! እናቷ ናት። ቅድም ወለድኳት ማለቷ ነው እንጂ ልጄ ናት ማለቷ ውሸት አልነበረም።»

ሚሊሻው አገጩን አሸ። «እሱስ መልካም፤ ግን ኃላፊነት አለብኝ። ማን ዋስ ይሆናታል?»

«እኔ» አሉ ያስያዙኝ ሴት። እኔ እፎይ ስል ወደ እኔ ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ። «እናትነትሽን አምኛለሁ። ቤትሽን ግን በዓይኔ ሳላይ አልለይሽም። ሌላ ሰው ልጁን ፈልጎ እያለቀሰ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ጎማው ተሰርቶ መኪናው ሲነሳ ጠርሙሱን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ሸዋሮቢት ወርደው የበርበሬ ማዳበሪያቸውን ባለሱቅ ዘንድ አስቀምጠው እስከ ቤቴ ተከተሉኝ። አቤል እየሮጠ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ጌታቸው ከእርሻ በጭቃ እጁ መጣ። እሱንም ለብቻ ጠርተው ጠየቁት፤ ጎረቤቴንም ጠየቁ። ሁሉም አንድ ቃል ሲሆንላቸው ውሃ ጠይቀው ጠጡ።

«ይቅር በይኝ አልልሽም» አሉኝ ሲነሱ። «ነገም እንዲህ ያለ ነገር ባይ እጮሃለሁ።»

«እኔ ግን ይቅር ይበሉኝ። ቡዳ ነዎት ብዬ ነበር።»

ሳቅ አፈናቸው፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አይ ልጄ! እኔ እኮ አተኩሬ ያየሁት አስተቃቀፍሽ ነው። ማንም ሳይከጅልብሽ የሚነጥቁሽ ይመስል ነበር።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለታችንም ተጠራጥረን ነበር። እኔ የጠረጠርኳቸው ለራሴ ፈርቼ ነው፤ ሚስጥሬ እንዳይወጣ። እሳቸው የጠረጠሩኝ ለማያውቋት ሕፃን ፈርተው ነው። ልጅቷ በእርግጥ የተሰረቀች ብትሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መካከል ያዳኗት እሳቸው ብቻ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ተጠራጣሪነቴ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ። አሁን የሚያጠራጥር ነገር ሳይ አልሸሽም፤ ቀርቤ እጠይቃለሁ። እትዬ ዘሃራ ግን አንድ ነገር ቢያስቀድሙ ኖሮ እላለሁ፤ ከመጮሃቸው በፊት ወተቱን ቢቀምሱ። እናንተም መንገድ ላይ ልጇን ተሸፍና የምትመግብ ሴት ብታዩ ጠይቋት። ሕዝብ ከመጥራታችሁ በፊት ግን አጠገቧ ቁጭ በሉ። ወተቷ አልመጣ ያላት እናት ካለችም ትስማኝ፤ በቱቦ ማጥባት ነውር አይደለም። ግለጪው። የሚያሳፍር የመሰለሽ ነገር የሚያስደስትሽን ነገር ሸፍኖብሽ ይሆናል።

ልጄ ካሳነሽ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አንዷ የክፍል ጓደኛዋ «እሷ እኮ እናትሽ አይደለችም» አለቻትና ደብተሯን ጥላ እየሮጠች መጣች። ሁለተኛ መዋሸት አልፈለግሁም። አጠገቤ አስቀምጬ ስለ የሺ ነገርኳት፤ ስለ ቱቦው፣ ስለ ጀውሃ፣ ስለ ባዶው ጠርሙስም ነገርኳት። አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ አለቀሰች። ምን ልትል ነው እያልኩ ጠበቅኋት።

«እማዬ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ወተቱ ካንቺ እንደሚመጣ አንቺ አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«እኔ ግን አውቅ ነበር ማለት ነው» አለችና ራሷን ጭኔ ላይ አስደገፈች።